በጀሪጋርና ዜብራ ፊንች፦ ሁለት ወፎች ስለ ንግግር ትምህርት ምን ያስረዳሉ?

የሰማውን ሁሉ ሳያስተውል የሚደግም ሰው በአማርኛ «እንደ በቀቀን ይለፈልፋል» ይባላል። አባባሉ ወቀሳ እንጂ ምስጋና አይደለም። ለሥነ ሕይወት ተመራማሪዎች ግን የሰሙትን ድምፅ መልሶ ማውጣት የሚናቅ ነገር አይደለም፤ በእንስሳት ዓለም ጥቂቶች ብቻ የታደሉት ችሎታ ነው። ከሌሎች ዶሮዎች ተለይቶ ያደገ አውራ ዶሮ ጊዜው ሲደርስ አስተማሪ ሳያስፈልገው ይጮኻል። የሰው የቅርብ ዘመድ የሆኑት ቺምፓንዚዎች እንኳን አዲስ ድምፅ ሰምተው የመቅዳት ችሎታቸው እጅግ የተወሰነ ነው። ከአጥቢ እንስሳት ይህ ችሎታ በግልጽ የታየው በሰው ልጅ፣ በዓሣ ነባሪና በዶልፊን፣ በሌሊት ወፍ፣ በዝሆንና በጥቂት ሌሎች ላይ ነው። ከወፎች መካከል ደግሞ በዋናነት ሦስት ወገኖች ይጠቀሳሉ፤ በቀቀኖች፣ ዘማሪ ወፎችና ሃሚንግበርድ የሚባሉት ደቃቅ የአሜሪካ ወፎች።

ከእነዚህ ሦስት ወገኖች ሁለቱን የሚወክሉ ሁለት ትናንሽ ወፎች በቤተ ሙከራ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ጎን ለጎን ሲጠኑ ቆይተዋል። አንዷ በጀሪጋር የምትባለው ትንሽ በቀቀን ስትሆን፣ ሌላው ዜብራ ፊንች የሚባለው ዘማሪ ወፍ ነው። ሁለቱም ድምፃቸውን ከሌሎች ሰምተው ይማራሉ። የሚለያዩት ትምህርቱ በሚቆይበት ጊዜ ነው። አንዱ በልጅነቱ አንድ ጊዜ ተምሮ በዚያው ይጸናል፤ ሌላዋ ዕድሜዋን ሙሉ ትማራለች። የዚህ ልዩነት ምክንያት የሰው ልጅ ንግግርን እንዴት እንደሚማር ለሚመራመሩ ሰዎች ትልቅ ጥያቄ ሆኗል።

የአንድ አገር ልጆች

ሁለቱም ወፎች የአውስትራሊያ ተወላጆች ናቸው። ደረቁን የአገሪቱን መሐል ክፍል ይጋራሉ፤ ሁለቱም በመሬት ላይ የሣር ፍሬ ይለቅማሉ፤ ሁለቱም ዝናብ ሲጥልና ምግብ ሲትረፈረፍ ለመራባት ይጣደፋሉ። በአንድ የውኃ ጉድጓድ አብረው ሲጠጡ መታየታቸውም እንግዳ ነገር አይደለም።

በመልክና በአካል ግን እጅግ ይለያያሉ። ዜብራ ፊንች ከመንቁሩ እስከ ጅራቱ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን ክብደቱም ከ15 ግራም እምብዛም አያልፍም። ስሙን ያገኘው በጅራቱ ላይ ካሉት የሜዳ አህያን ከሚያስታውሱ ጥቁርና ነጭ መስመሮች ነው። ወንዱ ብርቱካናማ ጉንጭ ስላለው ከሴቷ በቀላሉ ይለያል። በጀሪጋር 18 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመትና ከ30 እስከ 40 ግራም ክብደት አላት። በዱር ያለችው አረንጓዴና ቢጫ ስትሆን፣ በቤት የሚያረቧት ሰዎች ሰማያዊ፣ ነጭና ሌሎች ቀለማት ያሏቸውን ዘሮች አውጥተዋል። እንግሊዛዊው የወፎች አጥኚ ጆን ጉልድ እ.ኤ.አ. በ1840 ከአውስትራሊያ ሲመለስ በሕይወት ያሉ በጀሪጋሮችን ወደ እንግሊዝ ይዞ ሄዷል። ዛሬ በዓለም ዙሪያ በብዛት በቤት ከሚረቡት ወፎች አንዷ ናት።

እግራቸውን የተመለከተ ሰው ወገናቸውን ለመለየት አይቸገርም። የፊንቹ ሦስት ጣቶች ወደ ፊት፣ አንዱ ወደ ኋላ ነው። የበቀቀኗ ግን ሁለቱ ወደ ፊት፣ ሁለቱ ወደ ኋላ ስለሆኑ ቅርንጫፍን እንደ መቆንጠጫ ጨብጣ ትወጣለች፤ ስትወጣም ቆልማማ መንቁሯን እንደ ሦስተኛ እግር ትጠቀምበታለች። ፊንቹ በቁጥቋጦ መካከል ከሣር ድቡልቡል ጎጆ ይሠራል፤ በጀሪጋር ደግሞ ሣር ሳትጎነጉን በዛፍ ግንድ ቀዳዳ ውስጥ ትጥላለች።

የሁለቱም ወገኖች ዘመዶች በኢትዮጵያ ይኖራሉ። ክንፉ ጥቁር የሆነው ትንሽ አረንጓዴ በቀቀን የኢትዮጵያና የኤርትራ ደጋ ነዋሪ ነው፤ ግንባሩ ቢጫ የሆነው በቀቀን ደግሞ ከኢትዮጵያ ውጭ አይገኝም። ዜብራ ፊንች ካለበት ቤተሰብም ጉንጫቸው ቀይ፣ ሰውነታቸው ሰማያዊ የሆኑ ትናንሽ ወፎች በኢትዮጵያ መንደሮች አካባቢ ፍሬ ሲለቅሙ ይታያሉ።

ድምፁ የሚወጣበት መሣሪያ

ሰው ድምፅ የሚያወጣው በጉሮሮው ላይ ባለው ማንቁርት ነው። የወፎች የድምፅ መሣሪያ ግን ከዚያ ዝቅ ብሎ፣ የአየር ቧንቧው ወደ ሳንባዎች በሚከፈልበት ቦታ ደረት ውስጥ ይገኛል። በዜብራ ፊንችና በሌሎች ዘማሪ ወፎች ይህ መሣሪያ ግራና ቀኝ ሁለት የድምፅ ምንጮች አሉት። የሁለቱ ጎኖች ጡንቻዎች ለየብቻቸው ስለሚታዘዙ፣ አንዳንድ ዘማሪ ወፎች በአንድ ጊዜ ሁለት የተለያዩ ድምፆችን ማውጣት ይችላሉ።

በቀቀኖች ይህ ድርብ መሣሪያ የላቸውም፤ ድምፃቸው ከአንድ ምንጭ ይወጣል። ጉድለቱን ግን በሌላ መንገድ ያካክሱታል። ምላሳቸው ወፍራምና ጡንቻማ ነው፤ ምግብን እንደሚያገላብጡበት ሁሉ ድምፅንም ይቀርጹበታል። መነኩሴ በሚባለው የደቡብ አሜሪካ በቀቀን ላይ የተደረገ ጥናት የምላስ አቀማመጥ ጥቂት ሲለወጥ የድምፁ ቅላጼ በጉልህ እንደሚለወጥ አሳይቷል። የሰው ልጅ «አ»ን ከ«ኢ» የሚለየው በዚሁ ዘዴ ነው፤ ከጉሮሮ የወጣውን ድምፅ በምላስና በከንፈር ይቀርጸዋል። በቀቀን ከንፈር ባይኖራትም የሰውን ቃል አስመስላ መናገር ከቻለችባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ምላስ ነው።

የ90 ቀን ትምህርት ቤት

የዜብራ ፊንች ዝማሬ አጭር ነው። ጥቂት ክፍለ ድምፆች ተሰካክተው አንድ ሰከንድ የማይሞላ ሐረግ ይሠራሉ፤ ወፉም ያንኑ ሐረግ እየደጋገመ ይዘምራል። የሚዘምረው ወንዱ ብቻ ነው። ሴቷ ትጣራለች እንጂ አትዘምርም፤ ነገር ግን የሚዘምሩላትን አዳምጣ ትመርጣለች።

ጫጩቱ ከተፈለፈለ ወደ 25 ቀናት ገደማ ሲሆነው የአባቱን ዝማሬ በማስታወሻው ማስቀመጥ ይጀምራል። ብዙም ሳይቆይ ራሱ ይሞክራል። የመጀመሪያ ሙከራው ከሕፃን ልጅ መንተባተብ ጋር ይመሳሰላል፤ ቅርጽ የሌለው፣ በየጊዜው የሚለዋወጥ ጩኸት ነው። ወፉ የራሱን ድምፅ እየሰማ በማስታወሻው ካለው ጋር ያስተያያል፤ በየቀኑም በሺህ የሚቆጠር ጊዜ እየደጋገመ ያርማል። 90 ቀናት ገደማ ሲሞላው ዝማሬው ይጸናል። ከዚያ በኋላ በጤናማ ሁኔታ እስካለ ድረስ እስከ ዕለተ ሞቱ ያንኑ አንድ ዝማሬ ይዞ ይኖራል።

ዝማሬው በትምህርት እንጂ በዘር ብቻ እንደማይተላለፍ ጀርመናዊው ተመራማሪ ክላውስ ኢመልማን በ1960ዎቹ አሳይቷል። የዜብራ ፊንች እንቁላሎችን ቤንጋሊዝ ፊንች በሚባል ሌላ ዝርያ ጎጆ ውስጥ ሲያስቀምጥ፣ ጫጩቶቹ አድገው የዘመሩት የወላጆቻቸውን ሳይሆን የአሳዳጊ አባታቸውን ዝማሬ ነበር። አስተማሪ ሳይሰማ ለብቻው ያደገ ጫጩት ደግሞ የሚያወጣው ያልተስተካከለና ለዛ ቢስ ዝማሬ ነው። ሆኖም እንዲህ ያለው ወፍ ሌሎች ከሚያበቁበት ዕድሜ በኋላም አስተማሪ ቢያገኝ መማር ይችላል። የመማሪያው በር የሚዘጋው ቀን በመቆጠሩ ብቻ አይደለም፤ ትምህርቱ በመፈጸሙም ጭምር ነው።

በ2009 ይፋ የሆነ አንድ የኒው ዮርክ ጥናት ከዚህ አልፎ ሄዷል። ተመራማሪዎቹ ለብቻው ያደገውንና ዝማሬው የተበላሸውን ወፍ ለጫጩቶች አስተማሪ አደረጉት። ጫጩቶቹ ቀዱት፤ ሲቀዱት ግን ጥቂት አስተካከሉት። እነርሱም በተራቸው ሌሎችን አስተማሩ። በሦስትና በአራት ትውልድ ውስጥ ዝማሬው በዱር ካለው ጋር ተመሳሳይ ወደ መሆን ተቃረበ። ጫጩቱ የሚሰማውን የሚቀዳው በባዶ አእምሮ እንዳልሆነ፣ ዝማሬ ምን መምሰል እንዳለበት የሚጠቁም ዝንባሌም አብሮት እንደሚወለድ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

የማይዘጋ በር

የበጀሪጋር ነገር ሌላ ነው። በመጀመሪያ ደረጃ ወንዱም ሴቷም ይማራሉ። ሁለተኛ፣ በሕይወታቸው ሁሉ አዳዲስ ድምፆችን ይጨምራሉ፤ የቀድሞዎቹንም ይለውጣሉ። እያንዳንዷ በጀሪጋር ርቀው የሄዱ ባልንጀሮቿን የምትጣራበት አጭር ድምፅ አላት። የማይተዋወቁ ወፎች በአንድ ቤት ሲቀመጡ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መጣሪያቸው እየተቀራረበ ይሄዳል። ወንድና ሴት ሲጣመሩ ደግሞ የሚለውጠው በአብዛኛው ወንዱ ነው፤ የሴቷን መጣሪያ ቀድቶ የራሱ ያደርገዋል።

ለዚህ የሚሰጠው ማብራሪያ ከአኗኗራቸው ጋር የተያያዘ ነው። በጀሪጋሮች ዝናብን ተከትለው ረጅም ርቀት የሚዘዋወሩ የብዙ ሺህ ወፎች መንጋ ናቸው። መንጋው ይበተናል፤ ደግሞም ከሌላው ጋር ይቀላቀላል። ዛሬ አብረው የበረሩ ነገ ላይገናኙ ይችላሉ። በእንዲህ ያለ ማኅበር ውስጥ ድምፅ የአባልነት ምልክት ነው፤ አዲስ ማኅበር የገባ አዲስ ምልክት መማር አለበት። ለፊንቹ ግን ዝማሬው እንደ ፊርማ ነው፤ ማንነቱን የሚያስታውቅበትና የትዳር ጓደኛውን የሚጠራበት ስለሆነ ሳይለወጥ መቆየቱ ይጠቅመዋል።

በቤት ውስጥ የምታድግ በጀሪጋር ደግሞ መንጋዋ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ የእነርሱን መጣሪያ ትማራለች። በካሊፎርኒያ ይኖር የነበረ ፐክ የተባለ በጀሪጋር 1,728 ቃላትን በማወቅ በጊነስ የድንቃድንቅ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ይህ ሁሉ ቃል ትርጉሙን ተረድቶ የተነገረ ነበር ማለት አይደለም። ወፏ ቃሉን የምትቀዳው በአብዛኛው ከሚያሳድጓት ጋር ለመተሳሰር ነው፤ ለእርሷም ይህ በቂ ምክንያት ነው።

አንጎላቸው ሲመረመር

የወፎች አንጎል ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ትንሽነቱ ያታልላል። በ2016 የወጣ ጥናት በበቀቀኖችና በዘማሪ ወፎች አንጎል ውስጥ የነርቭ ሴሎች እጅግ ተቀራርበው እንደሚገኙ፣ ቁጥራቸውም በአማካይ ተመሳሳይ ክብደት ካለው የዝንጀሮ ወገን አንጎል እጥፍ ያህል እንደሆነ አሳይቷል።

ሁለቱም ወፎች ለድምፅ ትምህርት የተለዩ የአንጎል ክፍሎች አሏቸው። በዜብራ ፊንች አንዱ መስመር ዝማሬውን ለማውጣት ያገለግላል፤ ሌላው መስመር ለመማርና ለማረም ያገለግላል። በሴቷ አንጎል ውስጥ እነዚህ ክፍሎች እጅግ ትናንሽ ናቸው ወይም ከናካቴው አይታዩም። በ2015 የኤሪክ ጃርቪስ የምርምር ቡድን በበቀቀኖች አንጎል ውስጥ ተጨማሪ ነገር አገኘ። እያንዳንዱ የድምፅ ትምህርት ክፍል ውስጣዊ እምብርትና እርሱን የከበበ ውጫዊ ልባስ አለው። እምብርቱ ከዘማሪ ወፎቹ ጋር ይመሳሰላል፤ ልባሱ ግን የበቀቀኖች ብቻ ነው። ተመራማሪዎቹ በቀቀኖች በመቅዳት የላቁበት ምክንያት ይህ ተጨማሪ ክፍል ሊሆን እንደሚችል ያስባሉ።

በ2025 የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዜቲያን ያንግና ማይክል ሎንግ ሁለቱን ወፎች በቀጥታ አነጻጽረዋል። ወፎቹ ድምፅ ሲያወጡ ድምፅን የሚያዝዙ የነርቭ ሴሎች እንዴት እንደሚሠሩ መዘገቡ። በበጀሪጋር አንጎል ውስጥ ሥርዓት ያለው አሠራር አገኙ። ተነባቢን ለሚመስል ሻካራ ድምፅ የተለዩ ሴሎች አሉ፤ አናባቢን ለሚመስል ዜማዊ ድምፅም ሌሎች አሉ፤ የድምፁን ቅጥነትና ውፍረት የሚወስኑት ደግሞ እንደ ፒያኖ ቁልፎች በቅደም ተከተል የሚሠሩ ናቸው። የፒያኖ ቁልፎች ያሉት ሰው አዲስ ዜማ ለመጫወት አዲስ መሣሪያ አያስፈልገውም፤ ያሉትን ቁልፎች በሌላ ቅደም ተከተል ይነካል። በጀሪጋርም አዳዲስ ድምፆችን ዕድሜዋን ሙሉ መፍጠር የምትችለው በዚህ ይመስላል። በዜብራ ፊንች አንጎል ውስጥ እንዲህ ያለ ቀጥተኛ ሥርዓት አልተገኘም። የእርሱ ሴሎች የሚከተሉት ለያንዳንዱ ወፍ የተለየና ውስብስብ የሆነ ሥርዓት ነው፤ ለአንድ ዝማሬ ብቻ እንደ ተቃኘ መሣሪያ ነው። የበጀሪጋሯ አሠራር ከሰው አንጎል የንግግር ክፍል ጋር መመሳሰሉ ተመራማሪዎቹን ይበልጥ አስደንቋል።

ይህ ሲባል ፊንቹ ለሰው ንግግር ጥናት አይጠቅምም ማለት አይደለም። በ2001 የንግግር ችግር በትውልድ በሚተላለፍበት አንድ የእንግሊዝ ቤተሰብ ላይ ፎክስፒ2 የተባለው ጂን ጉድለት እንዳለበት ተደርሶበታል። በ2007 ደግሞ የበርሊን ተመራማሪዎች የዚህን ጂን ሥራ በዜብራ ፊንች ጫጩቶች የመማሪያ የአንጎል ክፍል ውስጥ ሲቀንሱ፣ ጫጩቶቹ የአስተማሪያቸውን ዝማሬ አጓደሉ፤ አሳስተውም ቀዱ። በ300 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ ከሰው የተለየ የዘር ሐረግ ያለው ወፍ፣ ድምፅን ለመማር ከሰው ጋር አንድ ጂን ይጋራል ማለት ነው።

ያልተጠበቀ ዝምድና

ለረጅም ጊዜ በቀቀኖችና ዘማሪ ወፎች ሩቅ ለሩቅ እንደሆኑ ይታሰብ ነበር። ከ2008 ወዲህ የወጡ የዘረ መል ጥናቶች፣ በተለይም የ48 የወፍ ዝርያዎችን ሙሉ ዘረ መል ያነጻጸረውና በ2014 ይፋ የሆነው ታላቅ ጥናት፣ ሁለቱ የቅርብ ዘመዳሞች መሆናቸውን አረጋግጠዋል። ድምፅን የመማር ችሎታ ከጋራ ቅድመ አያታቸው የመጣ ነው ወይስ እያንዳንዱ ወገን ለብቻው አገኘው የሚለው ጥያቄ ግን አሁንም ሊቃውንትን ያከራክራል። የሰው ልጅ ችሎታውን ከወፎች ተለይቶ እንዳገኘው ግልጽ ነው፤ ተፈጥሮ ግን በተለያየ መንገድ ወደ ተቀራራቢ መፍትሔ ደርሳለች።

አስተማሪው መልስ ሲሰጥ

ከሁለቱም ወፎች ጥናት የሚወጣ አንድ የጋራ ቁም ነገር አለ። ድምፅን መማር ከመስማት በላይ የሆነ ማኅበራዊ ተግባር ነው። በ2016 በካናዳ የተደረገ ጥናት፣ ዝማሬውን ከድምፅ ማጉያ ብቻ የሰሙ የፊንች ጫጩቶች ከአስተማሪ ጋር በአካል ከኖሩት ያነሰ እንደተማሩ አሳይቷል። አስተማሪው ወፍም ለጫጩት ሲዘምር በሐረጎቹ መካከል ረዘም ያለ ፋታ ይሰጣል፤ ወላጆች ለሕፃን ሲናገሩ ቃላቸውን ዘርዘር እንደሚያደርጉት ማለት ነው። በ2019 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ የማትዘምረዋ ሴት ፊንች እንኳን አስተማሪ መሆኗን ገልጿል። ጫጩቱ ሲለማመድ ሴት ወፍ ላባዋን ነፋ አድርጋ ስትመልስለት በተንቀሳቃሽ ምስል እንዲያይ ተደረገ። ምስሉ ከልምምዱ ጋር ተገጣጥሞ የቀረበለት ጫጩት፣ ያንኑ ምስል በዘፈቀደ ከተመለከተው ይልቅ የተሻለ ተማረ። ለውጥ ያመጣው ምስሉ ራሱ ሳይሆን ምስሉ ለወፉ መልስ ሆኖ መምጣቱ ነበር።

በሰው ልጆችም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። በሲያትል የምትሠራው ፓትሪሺያ ኩልና ባልደረቦቿ በ2003 ይፋ ባደረጉት ጥናት፣ የዘጠኝ ወር አሜሪካውያን ሕፃናት ከቻይንኛ ተናጋሪዎች ጋር እየተጫወቱና መጽሐፍ እየተነበበላቸው አሥራ ሁለት ጊዜ ያህል ሲገናኙ የቋንቋውን ድምፆች መለየት ቻሉ። ያንኑ ንግግር በቴሌቪዥን የተመለከቱት ወይም በድምፅ ብቻ የሰሙት ሕፃናት ግን ምንም አልተማሩም። በ2014 የወጣ ሌላ የአሜሪካ ጥናት ደግሞ ከ24 እስከ 30 ወር ዕድሜ ያላቸው ሕፃናት በቪዲዮ ስልክ ከሚያነጋግራቸው ሰው አዳዲስ ቃላትን በአካል ከሚያገኙት ሰው የተማሩትን ያህል እንደተማሩ፣ አስቀድሞ ከተቀረጸ ምስል ግን እንዳልተማሩ አሳይቷል።

ይህ ግኝት ከአገር ርቀው ልጆቻቸውን በአማርኛ ለማሳደግ ለሚደክሙ ወላጆች ቅርብ ነው። ልጁን በአማርኛ ዝግጅት ፊት ማስቀመጥ ብቻውን ለሕፃን በቂ አስተማሪ አይሆንም። አያቱ ከአዲስ አበባ ወይም ከጎንደር በስልክ ምስል ስትጠራው፣ እርሱ ሲንተባተብ ስትስቅለትና ስትመልስለት ግን ትምህርት አለ። ከተቀረጸው ምስል የምትለየው ልጁ ለሚለው ሁሉ ምላሽ ስለምትሰጥ ነው።

ወፍ ሰው አይደለም፤ ዝማሬም ቋንቋ አይደለም። የፊንቹ ሐረግ ስለ ትናንት አይተርክም፤ የበጀሪጋሯም ቃል በአብዛኛው ጥሪ ነው። የሰው ልጅ በአንድ በኩል ፊንቹን ይመስላል፤ የቋንቋን ድምፆች አጥርቶ የሚይዘው በልጅነቱ ነውና፣ ካደገ በኋላ በተማረው ቋንቋ ላይ የአገሩ ቅላጼ ይሰማል። በሌላ በኩል በጀሪጋሯን ይመስላል፤ በጎልማሳነቱ ወደ ሌላ አገር ቢሻገርም አዲስ ቋንቋ ተምሮ ከአዲሱ ማኅበር ጋር ይግባባል።